ጎረቤት የሌለበት ሥዕል

ወንድሜን በጥፊ ስመታው ገና ሁለት ዓይን ነበረው። ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ፣ ሥራው ባላለቀ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመን ነበር። መነጽሩ በርሮ የተቆለለ ፌሮ መሐል ገባ። የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን አቁመው አዩን። አብዛኞቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች ስለሆኑ ከጥፊው በፊት ያወረድኩበትን ስድብ አንድም ሳያመልጣቸው ሰምተውታል። እኔና ወንድሜ ደንበኛ ፊት የምንጣላው በአማርኛ ነው፤ የሀርጌሳ ሰው ስለ ሥራ የምንመካከር ይመስለዋል። የቀን ሠራተኛ ፊት ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

«መታሽኝ?» አለኝ ጉንጩን ይዞ። «የልጆች አባት ነኝ እኮ!»

«ገና እደግምሃለሁ። ና እዚህ፣ ቁልቁል እይ!» አልኩትና አንገቱን ጨምድጄ ወደ ባልኮኒው ጠርዝ ገፋሁት።

ከታች የጎረቤት ግቢ ነበር። ሙሉው ግቢ፣ ከበሩ እስከ ኋላው አጥር። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ጥላ ውስጥ የተነጠፈ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ የተጣለ ማበጠሪያ። ማበጠሪያውን ይዛ የነበረችው ልጅ እኛን ስታይ ሮጣ ቤት ገብታለች። እናቷ ግን አልገባችም። ግቢው መሐል ቆማ ወደ ላይ ታየን ነበር።

እጄ ፈጣን ነው፣ አልክድም። የእናቴ እጅ ነው። ሀርጌሳ ከራሷ አየር ማረፊያ በተነሡ አውሮፕላኖች ስትደበደብ እናቴ እኔን በእጇ፣ ወንድሜን በሆዷ ይዛ በእግሯ ወጣች። ድሬዳዋ ገብታ ልብስ እየቸረቸረች አሳደገችን። ገበያ ውስጥ የሚያስቸግራትን ወንድ ጫማዋን አውልቃ ፊቱን ነበር የምትለው። እኛንም በዚያው ጫማ ቀጥታናለች፤ ዛሬም በጤናዋ ቀን ብትቆጣ ጎንበስ ስትል እንሸሻለን።

ከጦርነቱ በኋላ ስንመለስ ከአባቴ ቤት የቀረው አንድ ግድግዳ ነበር፤ እሱም በጥይት ተበሳስቷል። ጣራው፣ በሩ፣ የመስኮቱ ብረት ሳይቀር ተነቅሎ ሄዷል። ካርታ የለ፣ ወረቀት የለ። የግቢያችን ወሰን የት እንደነበር የነገሩን ጎረቤቶች ናቸው። አንዲት ሴት መሬቱን በዱላ እየጫረች «እዚህ የናንተ ወጥ ቤት ነበር፣ ከዚህ ወዲያ የኛ ነው» እያለች አዞረችን። እሷ ባትተርፍ ኖሮ ቤት እንደነበረን የሚመሰክርልን አልነበረም።

አድጌ፣ አዲስ አበባ ተምሬ፣ ተመልሼ የቤት ፕላን መሥራት ስጀምር ይህ ነገር ከእጄ አልወጣም። ስነድፍ ከጎረቤት እጀምራለሁ። ባዶ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የማሰፍረው ሊሠራ የታሰበውን ቤት ሳይሆን ከሱ በፊት የነበረውን ነው፦ የጎን ግድግዳውን፣ የፊት ለፊቱን በር፣ ፍየል የሚታሰርበትን ግንድ። ሴት ስለሆንኩ ሰው ግቢ እገባለሁ። እያንዳንዱ ግቢ ውስጥ ሴቶቹ ከወንድ ዓይን ርቀው፣ ሻሻቸውን ጥለው፣ ጸጉራቸውን ታጥበው የሚቀመጡበት ቦታ አለ። ያን ቦታ አገኝና ወረቀቴ ላይ በእርሳስ አጠቁረዋለሁ። ጥቁር ወዳለበት አቅጣጫ መስኮት አልከፍትም። ደንበኛው ቢያለቅስም አልከፍትም። በዚህ ምክንያት ግትር እባላለሁ፤ ነኝም።

ወንድሜ ያው ሙያ ገባ፤ 26 ጁን ሰፈር በከፈትኩት ቢሮ አብረን እንሠራለን። እጁ መጥፎ አልነበረም፣ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ሲመጣ እርሳሱን ጥሎ ከሱ ጋር ሆነ። አንድ መስመር እንግሊዝኛ ይጽፍለታል፤ እኔ እርሳሴን ቀርጬ ሳልጨርስ ያ ነገር ቤት ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ መብራት አብርቶ ያመጣለታል። ውኃ በቦቴ በምንገዛበት ከተማ ግቢው በሙሉ ለምለም ሣር ነው። ሰማዩ ዝናብ ያባራበት ሰማይ ነው። ቤቱ ግራም ቀኝም ማንም የለውም።

«ይሄ ቤት የት ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

«የትም ሊሆን ይችላል አባዮ» አለኝ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፤ ሊያባብለኝ ሲፈልግ ነው የሚለኝ።

«የትም ሊሆን የሚችል ቤት እዚህ አይሠራም» አልኩት። ሳቀ። እሱ ሲስቅ ደሜ ይፈላል።

የጋአን ሊባሁ ደንበኛ ከቀዝቃዛ አገር የተመለሰ ሰው ነው። ለእናቱ ቤት መሥራት ፈለገ። እናቱ ካረጁ ወዲህ ከቤት ስለማይወጡ ከከተማው ባሻገር ያሉትን ሁለት ኮረብቶች ተቀምጠው ማየት ያምራቸዋል። ቦታውን ሄጄ አየሁ። ከቦታውና ከኮረብቶቹ መሐል የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ አለ። ገባሁ። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ወንዱ ልጇ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በሚወስደው የዋጃሌ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ትልቋ ልጅ ጸጉሬን ፈታ አበጠረችልኝ፣ ሽበት አገኘሁ ብላ ሳቀችብኝ። ተመልሼ ያን ግቢ በእርሳስ አጠቆርኩት። ለደንበኛው እናት ደግሞ ከፍ ያለ ግድግዳ ያለው ሰገነት ነደፍኩላቸው፤ ተቀምጠው ሲያዩ ኮረብታው እንጂ ግቢው አይታይም።

ደንበኛው ወረቀቴን አየና «ጥሩ ነው ኢንጂነር፣ ግን ግራጫ ነው» አለ። ቀጥሎ ወንድሜ ስልኩን ሰጠው። ክብ ባልኮኒ፣ ነጭ ዓምድ፣ ወርቃማ ፀሐይ። ሰውየው እንባ አቀረረ። ሥዕሉን ወደ ስልኩ አስልኮ ለታክሲ ሾፌሩም፣ ለሻይ ቤቱም፣ አየር ማረፊያ ሊቀበላቸው ለሄዳቸው ዘመዶቹም እንደ ሙሽራ ፎቶ ያሳይ ጀመር። እኔ ቢሮዬ ውስጥ ጮኼ፣ ጠረጴዛ ደብድቤ፣ ባልኮኒው እንደማይሠራ ሁለቱንም አስምያቸው ነበር። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ድሬዳዋ ተመልሳ የምትኖረው እናቴ ታመመችና ወደዚያ ሄድኩ። ስመለስ ከመኪና ወርጄ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ወደ ቦታው ሄድኩ። ክቡ ባልኮኒ አርማታ ተሞልቶ፣ የድጋፍ እንጨቱ ወልቆ፣ የሴትዮዋ ግቢ ላይ አፍጥጦ ቆሟል። ጥፊው የመጣው ይሄኔ ነው።

ወንድሜም አልተኛልኝም። ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ መንጥቆ ጉልበቱ ላይ ሰበረው። «አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው! ዓለም ሄዷል፣ አንቺ ገና የሰው ሳፋ ትሥያለሽ!» አለኝ። ሊመታኝ እጁን አንሥቶ ነበር፤ አንድ ጠጠር መጥቶ ከበታቻችን ግድግዳው ላይ ሲፈነዳ እጁን አወረደ።

የወረወረችው ሴትዮዋ ናት። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ሌላ አነሣች፣ ወረወረች፣ አልደረሰም። ሌላ አነሣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አመሻሽ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ትወጣና ትወረውራለች፤ ለዚሁ ብላ በሩ አጠገብ ድንጋይ ከምራለች። ልጆቿ ቆርቆሮ ጣራ ባለው ክፍል ውስጥ በዚያ ሙቀት ተዘግተው ይውላሉ። ሠራተኞቹ በዚያ በኩል መሥራት ፈሩ። ሰፈሩ ማውራት ጀመረ።

ደንበኛውን ቢሮ አስጠራሁት። «መጋረጃ እሰቅላለሁ» አለ።

«መጋረጃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ያው አንተ አይደለህም?» አልኩት። ፈገግ አለ። ሻዬን ሸሚዙ ላይ ደፋሁበት። ወንድሜ መሐላችን ገብቶ ይቅርታ እየጠየቀ ሰውየውን አስወጣው።

ያን ዕለት ከሰዓት ወንድሜ ከቢሮው አልወጣም። ጥፋቱ ገብቶታል፤ አፉ ግን አይልለትም። ስልኩን ይነካካል። ቆይቶ «አባዮ፣ መከለያ ላድርግበት። እይ» አለና አሳየኝ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሚያምር የድንጋይ መከለያ ነው። ከመከለያው ወዲያ ደግሞ አበባ የተንጠለጠለበት ነጭ ቪላ ይታያል።

«ይሄ የማን ቤት ነው?»

«ጎረቤት ጨምርበት ብዬው ነው።»

ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩበት። ጎንበስ አለና አመለጠ፤ ልምድ አለው። «ሴትዮዋ እዚያ ተቀምጣለች! ድንጋይ እየወረወረችብህ ነው! ሂድና እሷን እይ እንጂ ማሽኑን ጎረቤት ፍጠር ትለዋለህ?»

«እንዴት ልይ? ወንድ ነኝ፣ አልገባ!» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ። ተነጋገርንና ተስማማን። በማግስቱ አብረን እንሄዳለን። እኔ ሴትዮዋ ዘንድ ገብቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ልጆቹ ቤት ሲገቡ እጠራዋለሁ፤ ያኔ እሱ ባልኮኒው ላይ ወጥቶ በሜትር ለክቶ ይወርዳል። ከዚያም እንደኔ ቁጭ ብሎ በእርሳስ ይነድፈዋል። «ሳልጠራህ እንዳትወጣ» አልኩት። «እሺ» አለኝ።

ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ኤዶ፣ በድለንሻል» አልኳት፤ ለትልቅ ሴት እንደዚያ ነው የሚባለው፣ አክስቴ እንደማለት።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ግቢዬን ተቀምጠሽ የሣልሽው? ለዚህ ነበር የሣልሽው?» አለችኝ። መሬት ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። አስረዳኋት። ባልኮኒውን እንደምናስከልለው ነገርኳት፤ ካልሆነም በገዛ እጄ እንደማፈርሰው ነገርኳት። ላይ ማንም ወንድ እንደሌለ በአላህ ስም ማልኩላት። ቆይታ ልጆቿን ተጣራች። ወጡ፣ ፀሐይ እንዳጣ ሰው ዓይናቸውን እያጠበቡ። እናትየው ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችኝና ሻሼን ከራሴ ላይ ሳብ አደረገችው። «እንግዳ ሆነሽ አትቀመጪ፣ እንደ ቤትሽ ሁኚ» አለችኝ። ትልቋ ልጅ ከኋላዬ ተቀምጣ ያንን ማበጠሪያ አነሣች። ይቅር እንዳሉኝ ያወቅኩት በዚያ ነው። ጸጉሬ ተፈቶ፣ ሻዬን ይዤ፣ ደረቴ ቀለል አለኝ።

ትንሿ ልጅ ጮኸች።

ቀና አልኩ። ወንድሜ ባልኮኒው ላይ ቆሟል። ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል፤ በሁለት እጁ የያዘው ግን ስልኩን ነው። ወደኛ አነጣጥሮታል። ኋላ እንደነገረኝ ብርሃኑ ሳይሄድ እውነተኛውን ግቢ ለማሽኑ ሊያሳየው ፈልጎ ነው፤ ሂድና እይ ያልኩትን ማድረጉ ነበር። ልጆቹ እየጮኹ ቤት ገቡ። ተስፈንጥሬ ተነሣሁ። እጄን አንሥቼ «ውረድ! ውረድ አንተ!» ብዬ ጮኽኩ። አልወረደም። ፈገግ ብሎ ስልኩን ከፍ አደረገው።

የግቢው በር ተበረገደ። ወንዱ ልጅ ነው፣ ከዋጃሌ መግባቱ፤ የመኪና አቧራው ገና ከቅንድቡ አልረገፈም። እህቶቹ ሲጮኹ ሰምቷል፣ እህቶቹ ሲሮጡ አይቷል፣ ላይ የቆመ ሰው ስልክ ደግኖ አይቷል። የእናቱ ድንጋይ ክምር እግሩ ሥር ነበር። ጎንበስ አለ። ክንዱን ለመያዝ ዘለልኩ፣ እጄ ሸሚዙን ነካው እንጂ አልያዘውም።

ድንጋዩ ሲመታው ድምፁን ሰማሁት። ዛሬም እሰማዋለሁ። ወንድሜ ታጠፈና ከዓይኔ ጠፋ። ስልኩ ከላይ ወርዶ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ አረፈ።

የሆንኩትን ሁሉ በቅደም ተከተል አላስታውስም። ይዤው የመጣሁትን የንድፍ ሰሌዳ አንሥቼ የሾፌሩ ጭንቅላት ላይ እንደሰበርኩት አውቃለሁ፤ ስንጥሩ መዳፌ ውስጥ ገብቶ ነበር። ክንዱን ነከስኩት፣ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። ሸሚዙን ቀደድኩት። እሱ አልመታኝም፤ ሁለት እጄን ይዞ ይገፋኝ ነበር። በአማርኛ ስሰድበው በአማርኛ መለሰልኝ።

«እህቶቼን እያነሣ ነበር!»

«ግድግዳውን ነው! ግድግዳውን ነው ያነሣው!»

«ስልኩን ወዴት አዞረ? ንገሪኛ! ወዴት አዞረ?»

እናትየዋ መሐላችን ገብታ በጡጫ ሁለታችንንም ደበደበችን። አምልጬ፣ ስልኩን ከመሬት አፍሼ፣ በባዶ ራሴ ሮጬ ደረጃውን ወጣሁ። ወንድሜ በጉልበቱ ተንበርክኮ ግራ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። ደሙ በጣቶቹ መሐል እየወረደ አርማታው ላይ ይንጠባጠባል። «አባዮ፣ አታንሺው» ይለኛል፣ «እጄን እንዳታነሺው፣ ይወርዳል።»

ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱን ሳየው ገባኝ። የግራ ዓይኑ የለም። የቀኙ ተርፏል። የሆስፒታሉን ግድግዳ በጡጫ መታሁት፤ አንድ ነርስ መጥታ «እዚህ ሌሎች በሽተኞች አሉ» አለችኝ። አፈርኩና ቁጭ አልኩ።

ቢሮዬ ስደርስ ዘመዶቻችን ሞልተውታል። ዱላ የያዘ አለ። አንዱ የአጎቴ ልጅ ሽጉጡን ፈታቶ የመንደፊያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ይወለውላል። «ዓይን በዓይን» ይላሉ። ከወዲያ በኩል የሾፌሩ ዘመዶች ደግሞ «ሴት ልጆቻችንን ያነሣ ዓይን ነው የጠፋው፣ ዋጋውን አግኝቷል፤ ከሆስፒታል ሲወጣ የቀረውን እናያለን» ይላሉ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁለቱን ወገን ለመያዝ ይታገላሉ። ነገሩ በሙሉ ስልኩ ውስጥ ባለው ፎቶ ላይ ወደቀ። ልጆቹ ከታዩበት ወንድሜ ከአልጋው በሕይወት ቢነሣም ሀርጌሳ ውስጥ አይኖርም። ካልታዩበት የአጎቴ ልጅ ያንን ሽጉጥ ይገጥመዋል።

ስልኩ እኔ ዘንድ እንዳለ ያወቀ የለም። የሚከፍተውን ቁጥር አውቀዋለሁ። ወደ መታጠቢያ ክፍል ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩ። የስልኩ መስተዋት ተሰነጣጥቋል፣ የወንድሜ ደም ጠርዙ ላይ ደርቋል። ያነሣው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር። ሳፋው አለ፣ ገመዱ አለ፣ ምንጣፉ አለ። ልጆቹ የሉም፤ ቀድመው ገብተዋል። ፎቶው መሐል አንዲት ሴት ቆማለች፣ ጸጉሯ ተፈትቶ፣ አፏ ተከፍቶ፣ እጇ ተነሥቶ። እኔ ነኝ።

ተቀምጬ አየሁት። ከባሌና ከወንድሜ በቀር ወንድ ጸጉሬን አይቶት አያውቅም። ይህን ይዤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጎረምሳ ከቦት፣ ግማሽ ጋአን ሊባህ ቆሞበት ወደሚገኝ ዛፍ ሥር መሄድ ማለት ራቁቴን እንደ መሄድ ነው። ባልሄድ ደግሞ ሰው ይሞታል። ብዙ አላሰብኩም፤ ስቆጣ አላስብም፣ አላህ ይመስገን ተቆጥቼ ነበር።

ሴት ወደዚያ ዛፍ አትሄድም። ሄድኩ። ጎረምሶቹን በትከሻዬ እየገፋሁ አለፍኩ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ተመለሺ» አሉኝ፤ አልተመለስኩም። ሾፌሩ ከዘመዶቹ መሐል ተቀምጧል፣ ራሱ በጨርቅ ታስሯል፣ ክንዱ ላይ ጥርሴ ይታያል። ፊቱ ቆምኩና ስልኩን ዘረጋሁለት።

«እየው» አልኩት በአማርኛ።

አየ። ያየው ለቅጽበት ነው። በመዳፉ ዓይኑን ሸፈነና ፊቱን አዞረ። የወንድሜን ዓይን ያወጣው ያው እጅ ነው።

«አጥፊው» አለኝ። «በአላህ ይሁንብሽ እህቴ፣ አጥፊው። ማንም ሳያየው አጥፊው።»

«እህቶችህ አሉበት?»

«የሉም።»

«ማን አለ?»

«አንቺ። አንቺ ብቻ።»

ሽማግሌዎቹ ምን እንደምንባባል አልገባቸውምና «ምን አላት? ምን አለችው?» ይላሉ። ሾፌሩ ተነሣ። በሶማሊኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ያነሣው የገዛ እህቱን ነው። የኛ ልጆች የሉበትም። ያለ ጥፋቱ ነው የመታሁት» አለ። ከዚያ ወደ ዛፉ ሄዶ ግንባሩን ግንዱ ላይ ያላትመው ጀመር። ጨርቁ ተፈታ፣ ደሙ ወረደ፣ አራት ሰው ይዞ አልቻለውም። እኔ እዚያው ቆሜ ፎቶውን አጠፋሁት። ልደሰት ፈልጌ ነበር፤ ስሜቱ አልመጣልኝም። ይህን ያየው የአጎቴ ልጅ ሽጉጡን ሳይዝ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ፈረዱ። የሾፌሩ ወገን የዓይኑን ካሣ ይከፍላል፤ ባልኮኒው ይፈርሳል። ደንበኛው ሥዕሉን እያሳየ ሊከራከር ሞከረ፣ የገዛ እናቱ ዝም አሰኙት። በማፍረሻው ቀን ሠራተኞቹ መዶሻ ይዘው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ትልቁን መዶሻ ተቀብዬ የመጀመሪያውን እኔ መታሁ፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ደጋገምኩ። የወንድሜ ደም ያረፈበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ እሱን ለብቻው ፈልጌ መታሁት። ቀና ስል ሾፌሩ ሌላ መዶሻ ይዞ ከወዲያ ጫፍ ይመታል። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። አቧራ ዋጠን፣ ፌሮው ተጣመመ፣ ስባሪው ወደ ውስጥ በኩል እየወደቀ ቀኑን ሙሉ ደበደብነው። ሲመሽ ከታች ሴትዮዋ ወጥታ የተረፈውን የድንጋይ ክምሯን በትና ሜዳ አደረገችው።

ወንድሜ አሁን ቢሮ ይመጣል። አንድ ዓይን ርቀት አይለይም። ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆውን ይስትና ጠረጴዛው ላይ ያፈሰዋል። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቶቼ ሲርሱ እንደ ልማዴ ልጮኽ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

«ጩኺ እንጂ» አለኝ እየሳቀ። «ሁሉም ነገር አንድ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ሆኗል። ብርጭቆውም ማንቆርቆሪያውም እኩል ናቸው። እንደዚያ ማሽን ሆንኩልሽ።»

ስልኩን አልጣለውም፤ ሥዕሎቹንም ያሠራል። ግን አዲስ ቦታ ስንሄድ እሱ ከአጥሩ ውጭ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ገብቼ ያየሁትን ወጥቼ እነግረዋለሁ፣ እሱ በእርሳስ ይነድፋል። ማዕዘኖቹ አይገጥሙለትም። መስመሩ ከሌላው መስመር አልፎ ይሄዳል፣ ወይም ሳይደርስ ይቆማል። እኔ ሳልናገር አስተካክላለሁ። ጥቁር የሚያጠቁረውን ቦታ ግን አይስትም፤ አንድ ጊዜ አሳይቼው ከዚያ በኋላ ጠይቆኝ አያውቅም።

ባለፈው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እርሳሱን አስቀምጦ «ያ ፎቶ ምን ሆኖ ወጣ?» አለኝ። ለምን እንደወጣ ከነገረኝ ወዲህ ስለፎቶው አንሥቶልኝ አያውቅም።

«ግቢው ነው» አልኩት። «እኔም አለሁበት።»

«እሱን አውቃለሁ፤ አይቼሻለሁ እኮ። እሱ ዓይን መጨረሻ ያየው አንቺን ነው።»

«ታዲያ ለምን አልወረድክም? ውረድ እያልኩህ!»

«ቃሉ አልተሰማኝም፣ ከታች ሲሚንቶ የሚያቦካው ማሽን ይጮኽ ነበር። ያየሁት እጅሽ ሲነሣ ነው።» ፈገግ አለ፤ ያኔ ባልኮኒው ላይ የነበረው ያው ፈገግታ ነው። «እጅሽ ሁልጊዜ ይነሣ የለ? የተለመደው ነው፣ ስወርድ ትመታኛለች ብዬ ነው የቆየሁት።»

እጄ ጠረጴዛው ላይ፣ በሱ ወረቀት አጠገብ ነበር። ቀስ ብዬ አነሣሁትና ከጠረጴዛው ሥር ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።